የድንጋይ ሽበት ወደ ታች አይበቅልም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ድንጋይ ነው። «ደግሞ ስለ ድንጋይ ምን ይወራል?» እንዳትሉኝ። እኔም ከመሄዴ በፊት እንደዛው ነበር የማስበው። በኛ አገር ሰው ሲደነዝዝ «ድንጋይ!» ይባላል፤ ሲጨክን «ልበ ድንጋይ» ይባላል። ድንጋይ ስድብ እንጂ ወሬ ሆኖ አያውቅም። ባለፈው ጥር ግን ሁለት ቀን አምቦና ጭልሞ ከርሜ ስመለስ፣ ድንጋይ እንደኔ ያለውን ለፍላፊ አፉን የሚያስይዝ ምስክር መሆኑን አይቼ መጣሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከናንተ ጋር የማወራርደው አንድ ሂሳብ አለኝና እስከዚያው ታገሱኝ።

ታስታውሱ እንደሆነ ከአምስት ወር በፊት በዚሁ ዓምድ የአንድ ጓደኛዬን ብሶት ጽፌላችሁ ነበር። አባትየው ከመሞታቸው በፊት ጭልሞ አጠገብ ያለችውን የባሕር ዛፍ ቦታቸውን ለሁለት ልጆቻቸው አካፈሉ። በመሀሉ 5 ድንጋይ አስተከሉና «ከዚህ ወዲያ ያንተ፣ ከዚህ ወዲህ የሱ» አሉ። ታላቅየው እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ፣ እያረሰ ይኖራል። ታናሽየው፣ ማለትም ጓደኛዬ፣ አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ ይሠራል። ከ3 ዓመት በፊት ታላቅየው ሦስተኛውን ድንጋይ አልፎ፣ ከጓደኛዬ ክልል ገብቶ 12 ባሕር ዛፍ ቆረጠ ተባለ። ወንድማማቾቹ በዚሁ ተኳረፉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? «ድንበር ገፊው ወንድም» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩት። ከናንተም ደብዳቤ ጎረፈ። «የአባቱ አጥንት ይፋረደው!» ያላችሁም ነበራችሁ። ጓደኛዬ ጋዜጣዋን ሱቁ ውስጥ ለጠፋት። እኔም ደስ አለኝ። ለተበደለ የጮህኩ መስሎኝ!

ታዲያ ባለፈው ጥር ጓደኛዬ መጣና፣ «ሽማግሌዎች ሊቀመጡ ነው፤ ና አብረን እንሂድ። አንተ ደግሞ ጽፈህበታል፣ ከጎኔ ትቆምልኛለህ» አለኝ። እሺ አልኩ።

*

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮቹ አጣርተን ቅዳሜ በማለዳ ተሳፈርን። ቡራዩን፣ ሆለታን አለፍን። አፄ ምኒልክ አዲስ ከተማ ሊቆረቁሩባት አስበው፣ ኋላ የጀመሩትን ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የሰጡባትን አዲስ ዓለምን አለፍን። ጊንጪ ስንደርስ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘናል። ጭልሞ ከጊንጪ ቅርብ ነው፤ እኛ ግን አልወረድንም። ሽማግሌዎቹ «ድንጋዩን የተከለው ሰው ይምጣ» ብለው ስለነበር አምቦ ድረስ ሄደን የጓደኛዬን ኤሱማ ይዘን መመለስ ነበረብን። ኤሱማ በኦሮሚኛ የእናት ወንድም ነው። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ።

ጓደኛዬ መንገድ ላይ ዝም አለ። እኔ ግን ነገሬ ብዬም አላየሁት። ጉዳያችን የድንጋይ ነውና አንድ መጽሔት ላይ ስለ ኢንካዎች ያነበብኩትን እዘከዝክለት ጀመር።

ኢንካዎች በደቡብ አሜሪካ፣ በዛሬዋ ፔሩ፣ ታላቅ መንግሥት የነበራቸው ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ ስፔኖች መጥተው መንግሥታቸውን ጣሉት። ኢንካዎቹ የብረት መሣሪያ የላቸው፣ ጋሪ የላቸው፣ የሚጎትት በሬ የላቸው። ድንጋይን በድንጋይ እየቀጠቀጡ ግን ኩዝኮ የተባለችውን ዋና ከተማቸውን ገነቡ። ከከተማዋ በላይ፣ ሳክሳይዋማን በሚባለው ቦታ፣ ከ100 ቶን በላይ እንደሚመዝን የሚገመት ድንጋይ ግንቡ ውስጥ ተሰክቷል። ከክብደቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ አገጣጠሙ ነው። ሲሚንቶ የለ፣ ኖራ የለ፣ ጭቃ የለ! አንዱ ድንጋይ የጎረቤቱን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚጠረብ በመሀላቸው ምላጭ እንኳ አይገባም ይባላል። ኩዝኮ ውስጥ አንድ ድንጋይ አለ፤ በዙሪያው ካሉት ሁሉ ጋር ለመስማማት ሲል 12 ማዕዘን ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ኩዝኮን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ስፔኖች በኢንካዎች ቤተ መቅደስ ላይ የሠሩት ገዳም ክፉኛ ተጎዳ፤ ከሥሩ ያለው የኢንካ ግንብ ግን እንደቆመ ቀረ።

ለኢንካዎች ድንጋይ በድን አይደለም። ይደክማል፣ ያለቅሳል። ወደ ሳክሳይዋማን ሲጎተት መንገድ ላይ ቀረ የሚባል አንድ ትልቅ ድንጋይ ስሙ «የደከመው ድንጋይ» ነው። ደክሞት ደም አለቀሰ ብለው ያወራሉ። ቦታም ሆነ ድንጋይ የተቀደሰ ሲሆን «ዋካ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ ቀና አለ። «ዋቃ ነው ያልከው?» አለኝ። ዋቃ በኦሮሚኛ ፈጣሪ ማለት ነው። «መገጣጠም ነው እንጂ ዝምድናስ የላቸውም» አልኩት፤ ተሳሳቅን።

ከዚያ ወደ አገራችን ተመለስኩ። በኛም ድንጋይ ቋንቋ ነው አልኩት። በተለይ በሰሜኑና በመሀሉ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይለምናል። ንጉሥም ቢሆን! በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገቡ ድንጋይ ተሸክመው እንደቀረቡ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

«ለምን ድንጋይ?» አለኝ።

«ጥፋቴ ይሄን ያህል ከብዶኛል፣ ከፈለግህም በዚሁ ምታኝ ማለት ይመስለኛል» አልኩት። እንደገና ዝም አለ። ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ...

*

አምቦን አብዛኞቻችን በውሃዋ ነው የምናውቃት። ከጠርሙሱ ሌላ ግን አምቦ በአዲስ አበባ ግድግዳዎች ላይ አለች። ያ ነጣ፣ ቢጫ፣ አንዳንዴም ቀላ የሚለው የፊት ለፊት ድንጋይ «የአምቦ ድንጋይ» ነው የሚባለው። አካባቢው በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ከአምቦ በስተደቡብ ያሉት ወንጪና ደንዲም የድሮ እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ ዛሬ አናታቸው ላይ ሐይቅ ተኝቷል። አምቦ ላይ ግን ከዚያ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ብቅ ይላል።

ሽማግሌውን ጓሯቸው ውስጥ አገኘናቸው። ጡረታ የወጣ መዶሻና መሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መዳፋቸው ራሱ ድንጋይ ነው! ቡና እስኪፈላ አንድ ቁራጭ ድንጋይ አነሱና በጎኑ አሳዩኝ። ስስ ስስ መስመር አለው።

«ይሄን እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደተደረበ አድርገህ እየው» አሉኝ። «መሬት ውስጥ ተኝቶ ነው ያደገው። ግንብም ላይ እንደተኛ ነው የምታስተኛው። ካቆምከው ዝናቡ በድርቡ መሀል ይገባና ይልጠዋል። ጥቁሩ ድንጋይ ግድ የለውም። ይሄኛው ግን የተኛበትን አይረሳም።»

የጭልሞን 5 ድንጋዮች ጠርበው በጭነት መኪና የወሰዱት እሳቸው ናቸው። «አባትህ ጥቁር ድንጋይ አልፈለገም» አሉት ጓደኛዬን። «ከማሳው ድንጋይ ጋር ይመሳሰልና ነገ ያጣላቸዋል፤ ከሩቅ የሚታይ አምጣልኝ አለኝ።»

ጓደኛዬ ቡናውን ሳይጨርስ አስቀመጠ።

*

እሁድ ጠዋት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሰን ጊንጪ ወረድን። ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ጊንጪ ዙሪያውን መረሬ ነው። ክረምት ጫማ የሚበላ ጭቃ፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ። ከሜዳው በስተሰሜን ጋራው ላይ ጭልሞ ጠቁሮ ይታያል።

ጭልሞ ከማዕከላዊው ደጋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ነጭ ካባውን እያወናጨፈ ይዘላል። አፋር በረሃ ገብቶ የሚቀረው አዋሽ የሚነሳውም ከዚሁ አካባቢ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር በጋራ ይጠብቁታል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡም አንዱ ምክንያት የዚህ ደን ጉዳይ ነበር። ዛፍ ጠበቃ አለው ማለት ነው። ድንጋይ ግን ማን አለው? ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ነበር።

ታላቅየው በር ላይ ቆሞ ተቀበለን። «ድንበር ገፊ» ብዬ የጻፍኩበት ሰውዬ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ቤት ገባን። ሚስቱ ማጀት ውስጥ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ጥዳለች። ጉልቻዎቹ ጥቁር ድንጋይ ናቸው፤ ጥላሸት ጠጥተው ያብረቀርቃሉ። አማቷ ለሠርጓ ከወንዝ መርጠው ያመጡላት መሆናቸውን ነገረችኝ። ትዳር መመሥረትን «ሦስት ጉልቻ» የምንለው ወደን አይደለም ለካ! ሁለት ድንጋይ ድስት አይሸከምም።

ከዚያ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አምጥታ ለአባቷ ሰጠችው። ጋዜጣችን ነበረች! አነጋገሩ ረጋ ያለ ነው። «ስም አልጻፍክም» አለኝ። «ግን ጊንጪ ትንሽ ከተማ ናት። ልጄን ትምህርት ቤት "የድንበር ገፊው ልጅ" ይሏታል።»

አንባብያን፣ የምገባበት ጠፋኝ።

*

ሽማግሌዎቹ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል። በኦሮሞ ወግ ጃርሶሊ ይባላሉ። ከሁለቱም ወገን ነገሩን ከሰሙ በኋላ «እስቲ ድንጋዮቹን እንጠይቅ» አሉና ተነሱ።

ኤሱማ ከፊት ሆነው ከድንጋይ ድንጋይ ሄዱ። እያንዳንዱን አናቱን በመዳፋቸው ያሻሹታል። አንደኛውና ሁለተኛው አናታቸው ላይ ግራጫና ብጫ ቅርፊት የመሰለ ነገር በቅሎባቸዋል። እኛ የድንጋይ ሽበት የምንለው ነው። ይሄ ነገር ብርሃንና አየር በሚያገኘው ገጽ ላይ ብቻ ይበቅላል፤ እድገቱም በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የመዳፍ ያህል ለመሆን ብዙ ክረምት ይፈጅበታል።

ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ መዳፋቸው ቆመ። አናቱ ንጹሕ ነው። ሽበት የለውም። ዲጅኖ አስመጡና በጎኑ ፈነቀሉት። ድንጋዩ ተገለበጠ። ከሥር፣ ጥቁሩ አፈር መሀል፣ የደረቀ ግራጫ ቅርፊት ተጣብቆ ታየ።

«የድንጋይ ሽበት ወደ ታች አይበቅልም» አሉ ሽማግሌው።

ጓደኛዬ ፈጠን ብሎ፣ «መረሬ ነው፣ ኤሱማ። መረሬ ድንጋይ ይገፋል» አለ። እውነቱን ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አጥር ያጋድላል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

«ይገፋል፣ ያጋድላል» አሉ ኤሱማ። «ይሄን የሚያህል ድንጋይ ገልብጦ ስድስት እርምጃ ግን አይራመድም።»

ከሁለተኛው ድንጋይ እስከ አራተኛው ሲባጎ ወጠሩ። ሦስተኛው ከሲባጎው ወጥቶ ወደ ታላቅየው ክልል ገብቶ ታየ። ሲባጎው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ለካ ብለው «እዚህ ጋ ቆፍሩ» አሉ። ክንድ ሳይሞላ ቡጢ ቡጢ የሚያካክሉ ጥቁር ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተገኙ። መረሬው እንዳያናውጠው ብለው ከእያንዳንዱ ወሰን ሥር መደላድል አድርገው ነበር። ይሄን የሚያውቁት እሳቸውና ሟቹ ብቻ ናቸው። በማታ ድንጋዩን ያነሳው ሰው የላዩን እንጂ የሥሩን አላወቀም።

ማንም «አንተ ነህ» አላለውም። ጓደኛዬ ራሱ ተናገረ። የአባታቸው 40 በወጣ ሰሞን ነው። የምንጯ ውሃ በታላቅየው በኩል መቅረቷ አንገበገበው። «አባቴ ለሱ አደላ» ብሎ አሰበ። አንድ ሌሊት ወጣ፤ ድንጋዩን አንከባለለው። በጨለማ ተንከባልሎ ተገልብጦ መቅረቱን እንኳ አላየም። ወንድሙ ከዚያ በኋላ የቆረጣቸው 12 ዛፎች የራሱ ዛፎች ነበሩ።

ይሄን ተናግሮ ሲያበቃ ጎንበስ አለና ከማሳው አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገ። በወንድሙ ፊት ተንበረከከ። «ጋሼ፣ ማረኝ።» አውቶቡስ ውስጥ የነገርኩትን ነው! እኔ ለወሬ ማድመቂያ ያልኩትን እሱ ልቡ ውስጥ ይዞት ኖሯል።

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት ቀረቡትና በእጃቸው ድንጋዩን ነኩት። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉት፣ «ይሄ ድንጋይ ምን አደረገ? ይሄንን አስቀምጥና ከቦታው ያነሳኸውን መልስ።»

ጓደኛዬ ዕንባውን እየጠረገ ወደ ሦስተኛው ድንጋይ ሄደ። ብቻውን አልቻለውም። ታላቅየው ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና ዲጅኖውን አነሳ። ሁለቱ ሆነው ስድስቱን እርምጃ መለሱት። ኤሱማ አቃኑት፤ ሽበቱ ወደ ሰማይ፣ እንደተኛ። ከዚያ ከምንጯ ዳር እርጥብ ሣር ተቆርጦ መጣ። የኦሮሞ እርቅ በእርጥብ ሣር ነው። ሁለቱም ያዙት፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ።

ሁሉ ነገር አለቀ እንዳልላችሁ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ስንለያይ ታላቅየው ለወንድሙ እንዲህ አለው፤ «ይቅር ብያለሁ። መሬቱም ገብቷል። ግን ልጆቼ ሦስት ዓመት ሙሉ አጎታቸውን አላዩም፤ ልጄም በየመንገዱ ተሰደበች። እሱን የሚመልስ ዲጅኖ የለኝም።» ጓደኛዬ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

*

ስመለስ ስለ ድንጋይ ብዙ አሰብኩ። ኮንሶዎች ተራራቸውን ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ እርከን ይዘውታል፤ አንድ ትውልድ ለአዋቂነት ሲደርስ ድንጋይ ፈንቅሎ፣ ተሸክሞ፣ ከተማው መሀል ያቆማል። ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦላቸዋል። የአክሱም ሐውልት ከሮም በ1997 ዓ.ም. ሲመለስና በ2000 ዓ.ም. ሲቆም አገር የተደሰተው ድንጋይ ስላጣን አይደለም፤ ከቦታው የተነሳ ነገር ወደ ቦታው ስለተመለሰ ነው። ኢንካውም፣ ኮንሶውም፣ የጭልሞ አባትም ድንጋይን የመረጡት በአንድ ምክንያት ይመስለኛል። ሰው ይሞታል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ አፍ ይዋሻል። ድንጋይ ግን ቃል ሲሰጡት ይይዛል። አባትየው አምስት ድንጋይ ሲተክሉ «ሁለታችሁንም እኩል እወዳችኋለሁ» ማለታቸው ነበር። ልጅየው የገለበጠው ይሄን ነው።

አሁን ወደ ሂሳባችን። በአማርኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደር መካብ ነው። ሰውን ያለ ልክ ማሞገስም መካብ ነው። ካብ ሲፈርስ ደግሞ ተናደ ይባላል። ከአምስት ወር በፊት እኔ ጓደኛዬን ካብኩት፤ ወንድሙን ናድኩት። ያውም የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ፣ ጭልሞን በዓይኔ ሳላይ! ስለዚህ ዛሬ እጽፋለሁ፤ ያ ሰው ድንበር አልገፋም። ዛፎቹ የሱ ነበሩ። በዚያ ጽሑፍ የተነሳ የረገማችሁት ሁሉ እርግማናችሁን መልሱልኝ፤ ካስፈለገም ወደኔ አዙሩት። ይቺን ጋዜጣ ለልጅቷ ልኬላታለሁ። ጓደኛዬም ይሄ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ሱቁ ውስጥ የለጠፋትን አሮጌዋን ነቅሎ ይቺን እንደሚለጥፍ ቃል ገብቶልኛል።

ከወንድም፣ ከእህት፣ ከባል፣ ከሚስት ጋር የተኳረፋችሁ አንባብያን፣ ምክሬ አጭር ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ትልቅ ድንጋይ ፍለጋ አትውጡ። ያነሳችሁትን አስታውሱና እሱኑ መልሱ። ሽምግልና የምትቀመጡም ብትሆኑ ከመፍረዳችሁ በፊት ድንጋዩን ገልብጣችሁ እዩ።

እኔም ከእንግዲህ የአንድ ወገን ብሶት ይዛችሁ ስትመጡ «የሌላውስ?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ። ቅር እንዳይላችሁ።

ቸር ያሰንብተን!